የአልጌ መከር፤ የመጸዳጃ ፍሳሽን ወደ እርሻ የመመለስ ጥረት ታሪክ

ከተማ ራሱን አይመግብም። በየቀኑ ከገጠር የሚገባለት ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ሥጋና አታክልት ከመሬት የተወሰደ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ተሸክሞ ይመጣል። ምግቡ ተበልቶ ጉልበት ከሰጠ በኋላም እነዚህ ንጥረ ነገሮች አይጠፉም፤ ዕድገቱን ከጨረሰ ሰው አካል የገቡትን ያህል ተመልሰው ይወጣሉ። እንደ ምግቡ ዓይነት ቢለያይም አንድ ሰው በዓመት ከ2 እስከ 5 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን በሽንቱና በዓይነ ምድሩ ያስወጣል። ከዚህም ውስጥ 80 በመቶ የሚሆነው በሽንት ውስጥ ይገኛል፤ ሽንት ግን ከአንድ ዘመናዊ ቤት ከሚወጣው ጠቅላላ ፍሳሽ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ ለንጽሕና መሐንዲሱ የቀረበለት ጥያቄ ሁለት ገጽታ ያለው ነው። በአንድ በኩል ፍሳሹ የበሽታ መተላለፊያ ስለሆነ ከሰው መራቅና መጣራት ይገባዋል። በሌላ በኩል ውስጡ የተሸከመው ሀብት የእርሻ ሀብት ስለሆነ ወደ እርሻ መመለስ ይገባዋል። ያለፉት መቶ ዓመታት ምሕንድስና የመጀመሪያውን ጥያቄ በሚያስመሰግን ሁኔታ ሲመልስ፣ ሁለተኛውን ለረጅም ጊዜ ወደ ጎን ትቶት ቆይቷል። ሁለቱን ባንድነት ለመመለስ ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ በሳይንስ መጻሕፍት ዋቅላሚ በሚባሉት፣ በብዙዎች ዘንድ ግን አልጌ በሚለው ስም በሚታወቁት፣ በዓይን በማይታዩ ደቂቅ አረንጓዴ ፍጥረታት መጠቀም ነው። የዚህ ሙከራ ታሪክ ሲመረመር አልጌው ከሞላ ጎደል የተጠየቀውን ሁሉ እንደ ፈጸመ፣ ሥራውን ያሰናከለው ግን የበቀለውን አልጌ ከውሃው ለይቶ መሰብሰብ እንደሆነ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወንዝ የወሰደው ማዳበሪያ

ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1840 ኬሚስትሪ ለእርሻ የሚሰጠውን አገልግሎት የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተሙ። በዚህና በኋለኞቹ ሥራዎቻቸው፣ አዝመራ ከመሬት የሚወስደው ማዕድን ካልተተካ መሬቱ እየመነመነ እንደሚሄድ አስተማሩ። ታላላቅ ከተሞች የገጠሩን ለምነት በቦይ ወደ ባሕር ያፈሳሉ ሲሉም አጥብቀው ተከራከሩ፤ የጥንቷን ሮማንም በምሳሌነት ጠቀሱ።

በዚያው ዘመን ለንደን ሌላ ችግር ገጥሟት ነበር። ውሃ የሚለቅቁ መጸዳጃ ቤቶች በመስፋፋታቸው የከተማው እዳሪ ሁሉ ወደ ቴምዝ ወንዝ ይገባ ጀመር። በ1858 በጋ የወንዙ ግማት በዳርቻው ያለውን የፓርላማ ሕንፃ እንኳ መግቢያ መውጫ አሳጣው። ከዚህም የተነሣ መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጄት ያቀረቡት ታላቅ የቦይ ሥራ ገንዘብ ተፈቀደለት፤ ፍሳሹም ከከተማው በታች ወዳለው የወንዙ ክፍል ተወሰደ። ከተማው ከኮሌራ ዳነ፤ ሊቢግ የተከራከሩለት ሀብት ግን ወደ ባሕር መፍሰሱን ቀጠለ።

አንዳንድ ከተሞች ሌላ መንገድ ሞከሩ። በርሊን በ1870ዎቹ በጄምስ ሆብሬክት ዕቅድ ፍሳሿን በዙሪያዋ ወደሚገኙ ሰፋፊ እርሻዎች ትልክ ጀመር። እርሻዎቹ አታክልትና ሣር አበቀሉ። ይሁን እንጂ ከተማው ሲያድግ መሬቱ አልበቃ አለ፤ የፋብሪካ ፍሳሽ ከቤት ፍሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣ ስለ ነበረም በአፈሩ ውስጥ ከባድ ብረታ ብረት ተከማቸ። ይህ ሁለተኛው ጉዳይ ወደ ኋላ እንደምንመለከተው ለዛሬውም ሥራ ዋና ትምህርት ነው።

ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተገኙ ሁለት የምሕንድስና ውጤቶች የፍሳሽን ሀብትነት ጨርሶ አስረሱት። የመጀመሪያው ፍሪትስ ሀበር በ1909 በቤተ ሙከራ ያሳዩት፣ በካርል ቦሽ መሪነትም በ1913 በኦፓው ፋብሪካ ሥራ ላይ የዋለው፣ የአየርን ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ የመለወጥ ዘዴ ነው። ሁለተኛው በ1914 ኤድዋርድ አርደርንና ዊልያም ሎኬት በማንቸስተር ያቀረቡት የፍሳሽ ማጣሪያ ዘዴ ሲሆን፣ ይኸውም በፍሳሹ ውስጥ አየር በኃይል እየነፉ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን እንዲበሉት ማድረግ ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ላያቸው ሰው ነገሩ የሚያስገርም ነው። ፋብሪካው ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀትና ከ150 ከባቢ አየር በላይ በሆነ ግፊት ናይትሮጅንን ከአየር ይይዛል። ገበሬው በገንዘቡ ይገዛዋል። እህሉ ይበላል። ናይትሮጅንን ለማስወገድ የተሠራው የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ደግሞ ኤሌክትሪክ እያቃጠለ ያንኑ ናይትሮጅን መልሶ ወደ አየር ይለቅቀዋል። በዚህ መካከል ሁለት ጊዜ ኃይል ይከፈላል።

አረንጓዴው ኩሬ

ከታላላቆቹ ከተሞች ርቆ ግን ገንዘብ የሌላቸው ትናንሽ ከተሞች ፍሳሻቸውን በኩሬ ያቁሩ ነበር። በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት የምትገኘው ሳን አንቶኒዮ በ1901 ሚቸል ሐይቅን ለዚህ አገልግሎት አዋለች። በ1940ዎቹ መጨረሻም በሰሜን ዳኮታ ለዚሁ ተብለው የታቀዱ ኩሬዎች ተሠሩ። ኩሬዎቹ በፀሐይ ወራት አረንጓዴ ይሆናሉ፤ ሽታቸው ይቀንሳል፤ የሚወጣውም ውሃ ከገባው ይልቅ የተሻለ ይሆናል። የዚህ ምክንያት ግን በስሌት ተብራርቶ አልታወቀም ነበር። ኩሬ ማለት የድኻ ከተማ መፍትሔ ነው፤ ሥራውም በልምድ እንጂ በቀመር አይመራም ይባል ነበር።

ይህን የለወጠው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ የተካሄደው ጥናት ነው። በዚያ የንጽሕና ምሕንድስና ፕሮፌሰር የነበሩት ሃሮልድ ጎታስ፣ ሃርቪ ሉድዊግ፣ እንዲሁም በዚያን ጊዜ ወጣት ሲቪል መሐንዲስ የነበሩት ዊልያም ኦስዋልድ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኩሬው ውስጥ ያለውን ሁኔታ በሚዛንና በመለኪያ ይመረምሩ ጀመር። በ1953 በኩሬ ውስጥ ስላለው የአልጌና የባክቴሪያ መደጋገፍ ከባልደረቦቻቸው ጋር ጽሑፍ አወጡ፤ በ1957 ደግሞ ኦስዋልድና ጎታስ በአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ብርሃን አስተፃምሮ በፍሳሽ ማጣራት ረገድ የሚሰጠውን ጥቅም የሚተነትን ጽሑፍ አሳተሙ። የመሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ስለ ደቂቅ ዕፀዋት ረጅም ጽሑፍ ማውጣቱ ጉዳዩ ከባዮሎጂ ወደ ምሕንድስና መሻገሩን የሚያመለክት ነበር።

የአሠራሩ ሥርዓት ባጭሩ የሚከተለው ነው። ባክቴሪያዎች በፍሳሹ ውስጥ ያለውን የበሰበሰ ነገር ሲበሉ ኦክስጅን ይጠቀማሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ አሞኒያና ፎስፌት ይለቅቃሉ። አልጌዎቹ እነዚህኑ ወስደው በፀሐይ ብርሃን ያድጋሉ፤ ለባክቴሪያዎቹ የሚያስፈልገውንም ኦክስጅን ይሰጣሉ። አንዱ የሌላውን ትራፊ ይመገባል። አንድ ግራም ደረቅ አልጌ ሲበቅል 1.5 ግራም ያህል ኦክስጅን ይለቀቃል። ኦስዋልድና ባልደረቦቻቸው ይህን ቁጥር ይዘው፣ በአንድ ሜትር ካሬ ላይ የሚወርደውን የፀሐይ ኃይል፣ የሚበቅለውን አልጌና የሚጣራውን ፍሳሽ በአንድ ቀመር አያያዙት። ከዚያ ወዲህ ኩሬ እንደ ድልድይ ወይም እንደ ግድብ በስሌት የሚነደፍ ሥራ ሆነ።

ከዚህ ስሌት የተወለደው ኩሬ ከቀድሞው በቅርጹ ይለያል። ጥልቀቱ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ብርሃን በአረንጓዴ ውሃ ውስጥ ብዙ አይዘልቅም። እንደ ሩጫ ሜዳ እየዞረ የሚመለስ ቦይ ሆኖ ይሠራል። በኋለኞቹ ሥራዎች ውሃው በመቅዘፊያ መንኮራኩር ቀስ ብሎ እንዲንቀሳቀስ ይደረጋል፤ ፍጥነቱም በሴኮንድ ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ፍሳሹ በውስጡ የሚቆየው እንደ አየሩ ጠባይ ከ4 እስከ 8 ቀን ያህል ነው፤ በተለመደው የማረጋጊያ ኩሬ ግን ለሳምንታት ይቆያል። እኩለ ቀን ላይ አልጌው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አሟጦ ስለሚወስድ የውሃው ፒኤች ከ9 በላይ ይወጣል፤ ይህም ከብርሃኑና ከኦክስጅኑ ጋር ሆኖ ብዙ የበሽታ ተሕዋስያንን ይገድላል።

ኦስዋልድ ይህን ኩሬ ከሌሎች ሦስት ዓይነት ኩሬዎች ጋር አቀናጁት። በመጀመሪያው ጥልቅ ኩሬ ዝቃጩ ከሥሩ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ አየር በሌለበት ይብላላል፤ ሁለተኛው የአልጌው ኩሬ ነው፤ በሦስተኛው አልጌው ይዘቅጣል፤ በአራተኛው ውሃው ይጠራል። በካሊፎርኒያ በናፓ ሸለቆ በምትገኘው ሴንት ሄሌና ከተማ በ1960ዎቹ የተሠራው ሥራ የዚህ ሥርዓት ምሳሌ ሆኖ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አገልግሏል። ኦስዋልድ በ2005 እስኪያርፉ ድረስ ለዚህ ዓላማ ሠርተዋል።

ያልተቋጨው የመከር ሥራ

የበርክሌይ ጥናት የተጀመረበት ዘመን ስለ አልጌ ታላቅ ተስፋ የተነገረበት ነበር። የዋሽንግተኑ ካርኔጊ ተቋም በ1953 ያሳተመው፣ በጆን በርልው የተዘጋጀው መጽሐፍ ክሎሬላ የተባለውን አልጌ በስፋት አብቅሎ የዓለምን ሕዝብ ለመመገብ የሚቻልበትን መንገድ መረመረ። ኦስዋልድና ክላረንስ ጎሉክ ደግሞ በ1959 ባወጡት ጽሑፍ በፍሳሽ ላይ የበቀለን አልጌ አብላልቶ ሜቴን ጋዝ ማግኘትና የፀሐይን ብርሃን ወደ ነዳጅ መለወጥ እንደሚቻል አሳዩ። አልጌው ምግብ፣ መኖ፣ ነዳጅና ማዳበሪያ ሊሆን እንደሚችል በዚህ ጊዜ ታውቆ ነበር።

ታዲያ ለምን በየከተማው አልተስፋፋም? መልሱ በቁጥር ሊገለጽ ይችላል። በደንብ በሚሠራ የፍሳሽ ኩሬ ውስጥ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚገኘው ደረቅ አልጌ ከ0.2 እስከ 0.5 ግራም ያህል ነው። ይኸውም አንድ ኪሎ አልጌ ለመሰብሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ሊትር ውሃ ማጥለል ያስፈልጋል ማለት ነው። እያንዳንዱ ሴል አብዛኛውን ጊዜ ከሺህኛ ሚሊ ሜትር ጥቂት እጅ ብቻ የሚበልጥ ነው፤ ክብደቱ ከውሃ ክብደት ጋር እጅግ ይቀራረባል፤ በላዩ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል እርስ በርሱ ስለሚገፋፋም በቀላሉ አይሰባሰብም። በጨርቅ ቢያጠልሉት ያልፋል፤ ቢተዉት ቶሎ አይዘቅጥም።

ሦስት ዓይነት መፍትሔ ተሞከረ። አንደኛው በኃይል የሚሽከረከር መለያ ነው፤ ይህ በትክክል ይሠራል፤ የሚበላው ኤሌክትሪክ ግን ፀሐይ በነጻ የሰጠችውን ትርፍ ያጠፋዋል። ሁለተኛው የአሉሚኒየም ጨው በመጨመር አልጌውን አጣብቆ በጥቃቅን የአየር አረፋ ወደ ላይ ማንሳፈፍ ነው። በሃይፋ በሚገኘው ቴክኒዮን ጌዳልያ ሼሌፍና ባልደረቦቻቸው በ1970ዎቹ ይህን ዘዴ በሰፊው ተከታትለው አልጌውን ለዶሮና ለዓሣ መኖ ሞክረውታል። ይሁን እንጂ ጨው መግዛት ያስፈልጋል፤ አሉሚኒየሙም ከአልጌው ጋር አብሮ ይቀራል። ሦስተኛው አልጌው በራሱ ተሰባስቦ እንዲዘቅጥ መጠበቅ ነው፤ ይህ ከሁሉም ይረክሳል፤ ነገር ግን አንዳንድ ቀን ይሳካል፣ አንዳንድ ቀን ይከሽፋል።

የመከሩ ጉዳይ የወጪ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አልጌው ካልተሰበሰበ ማጣራቱም ያልተፈጸመ ነው። ከኩሬው አረንጓዴ ሆኖ የወጣ ውሃ ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን በአልጌው አካል ውስጥ ይዞ ወደ ወንዝ ይገባል። በወንዙም ውስጥ አልጌው ሲሞት ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም ኩሬው ውስጥ የሰጠውን ኦክስጅን ከወንዙ መልሶ ይወስዳል። ቆሻሻው መልኩን ለወጠ እንጂ አልተወገደም። ብዙ የከተማ አስተዳደሮች ኩሬን ትተው ወደ አየር ነፊ ጣቢያ የዞሩት መሬት ስለጠበባቸው ብቻ ሳይሆን፣ የሚወጣው ውሃ በውስጡ የሚንሳፈፍ ነገር እንዲቀንስ ሕግ ስላስገደዳቸውም ጭምር ነው።

የነዳጅ ዋጋ በ1970ዎቹ ሲንር አልጌ እንደገና ተፈለገ። የአሜሪካ መንግሥት ከ1978 እስከ 1996 ከአልጌ ነዳጅ ስለማውጣት ሰፊ ምርምር አካሄደ። የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ ምርምሩ ተዘጋ። እዚህ ላይ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። አልጌን ለነዳጅ ብቻ የሚያበቅል ሰው ማዳበሪያም ውሃም መግዛት አለበት፤ በፍሳሽ ላይ የሚያበቅል ግን ሁለቱንም ያለ ዋጋ ያገኛል፤ ከዚያም በላይ ስለ ማጣራቱ ይከፈለዋል። የኦስዋልድ አስተሳሰብ ብልሃት ይህ ነበር። መጀመሪያ ማጣራት፣ ከዚያ ምርት።

ሌሎች አጫጆች

መሐንዲሶች በመሣሪያ ሊሰበስቡት የተቸገሩትን አልጌ ሌሎች ፍጥረታት ያለ ችግር ይሰበስቡታል። በሕንድ አገር ከካልካታ በስተምሥራቅ የሚገኙት ኩሬዎች ለዚህ ትልቁ ማስረጃ ናቸው። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት ጀምሮ ዓሣ አርቢዎች የከተማውን ፍሳሽ በመጠን እየለቀቁ ወደ ኩሬዎቻቸው ያስገባሉ። ፍሳሹ በፀሐይ አልጌ ያበቅላል፤ አልጌውንና በአልጌው የሚኖሩትን ጥቃቅን እንስሳት ዓሣው ይበላል፤ ዓሣው ለከተማው ገበያ ይቀርባል። ከኩሬው የሚወጣው ውሃም ሩዝ ያጠጣል። 12,500 ሄክታር የሚሆነው ይህ ረግረጋማ ሥፍራ በ2002 በራምሳር ስምምነት ከተመዘገቡት የዓለም እርጥብ ሥፍራዎች አንዱ ሆኗል።

በቻድ ሐይቅ አካባቢ ደግሞ መከሩ በሰው እጅ ይፈጸማል። የካነምቡ ሴቶች ስፒሩሊና የተባለውን ደቂቅ ፍጥረት ከሶዳማ ኩሬዎች ላይ ቀድተው፣ አጥልለውና በአሸዋ ላይ አድርቀው ዲሄ የተባለ ምግብ ያዘጋጃሉ። ቤልጅጋዊው የዕፀዋት ሊቅ ዣን ሌዮናርድ በ1960ዎቹ አጋማሽ ይህን አይተው ለሳይንስ ዓለም አስታወቁ። ስፒሩሊና በጨርቅ የሚያዘው እንደ ክር ረጅምና ጥምዝምዝ ስለሆነ ነው። ክሎሬላ ቢሆን ኖሮ ያልፍ ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ወንፊቱን ከማጥበብ ይልቅ ፍሬውን ማተለቅ ይቀላል።

በኒውዚላንድ በ2010ዎቹ መጀመሪያ የተደረገው ጥናት ይህንኑ ሐሳብ በፍሳሽ ኩሬ ላይ አዋለው። ተመራማሪዎቹ ከዘቀጠው አልጌ ጥቂቱን በየቀኑ ወደ ኩሬው መለሱ። ባለ እንጀራዋ ለሚቀጥለው ሊጥ እርሾ እንደምታስቀር ማለት ነው። በመሆኑም በፍጥነት የሚዘቅጠው፣ በጉባኤ የሚኖረው ትልቁ የአልጌ ዘር እየበዛ፣ ትንንሹ እየቀነሰ ሄደ፤ የሚሰበሰበውም አልጌ መጠን በግልጽ ጨመረ። ይህ መንገድ ጨው አይፈልግም፤ ብዙ ኤሌክትሪክም አይበላም።

ሽንትን ሳያቀጥኑ

በ2008 የፎስፌት ዓለት ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙ እጥፍ አሻቀበ። ከታወቀው የዓለም የፎስፌት ክምችት 70 በመቶ የሚሆነው ሞሮኮ በምትቆጣጠረው ምድር እንደሚገኝ፣ ፎስፈረስንም እንደ ናይትሮጅን ከአየር መያዝ እንደማይቻል ብዙዎች በዚያን ጊዜ ልብ አሉ። ሊቢግ ያነሱት ጥያቄ ተመልሶ መጣ። የአልጌ ምርምርም ከነዳጅ ወደ ማዳበሪያ ፊቱን መለሰ።

አዲሱ አስተሳሰብ የሚነሣው ከመጸዳጃ ቤቱ ነው። የተለመደው መጸዳጃ በአንድ ጊዜ ከ6 እስከ 9 ሊትር ውሃ ይለቅቃል፤ ሀብቱን ካቀጠኑት በኋላ መልሶ ማወፈር ግን አድካሚ ነው። በኔዘርላንድ በዋኸኒንገን የሚገኘው የሥነ ምህዳር ተቋም በ2011 በተመረቀው ሕንፃው ጥቂት ውሃ ብቻ የሚፈልጉ፣ በአየር መምጠጫ የሚሠሩ መጸዳጃ ቤቶች አስገብቷል። ከእነዚህ የሚገኘው ወፍራም ፍሳሽ አየር በሌለበት ክፍል ይብላላል፤ ጋዝ ይወጣዋል፤ የቀረው በናይትሮጅንና በፎስፈረስ የበለጸገ ፈሳሽ በአልጌ እንዲጠጣ ይደረጋል። በዚያው ከተማ የተካሄዱ ሌሎች ሙከራዎችም ክሎሬላ በስስ የመስተዋት ሳጥን ውስጥ በሽንት ላይ ሊበቅል እንደሚችል አሳይተዋል። በእንዲህ ዓይነት ሳጥን ውስጥ አልጌው በሊትር ከተለመደው ኩሬ ብዙ እጥፍ ስለሚወፍር መከሩ ይቀላል።

ይሁን እንጂ ይህም ያለ ዋጋ አይገኝም። ሳጥኑ ከኩሬው በብዙ ይወደዳል። አሞኒያ ሲበዛና ፒኤች ሲጨምር አልጌውን ይመርዘዋል። ከሰው አካል የሚወጣ የመድኃኒት ቅሪትም በፈሳሹ ውስጥ አለ። ፎስፈረስን ብቻ ለማግኘት ከሆነ ማግኒዚየም ጨምሮ ስትሩቫይት የተባለውን ጨው ማዝቀጥ ቀላል ነው። የአልጌው ብልጫ ናይትሮጅንንና ፎስፈረስን አንድ ላይ፣ በሕያው አካል ውስጥ አስሮ ማቅረቡ ነው፤ በአፈር ውስጥ ሲበሰብስም ቀስ በቀስ ይለቅቃቸዋል፤ ለአፈሩም ካርቦን ይጨምራል።

ፀሐይ ባለበት አገር

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በቢሾፍቱ አካባቢ የሚገኘው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው በስፒሩሊና ከተሞላው ውሃው ነው። ታሊንግ፣ ውድ፣ ፕሮሰርና ባክስተር የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1973 ባሳተሙት ጥናት በዚህ ሐይቅና በቂሎጤ ሐይቅ የሚካሄደው ብርሃን አስተፃምሮ በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ ከተለኩት ሁሉ እጅግ ከፍተኛ ከሚባሉት መካከል እንደሆነ አስረድተዋል። በስምጥ ሸለቆ ሶዳማ ሐይቆች ዳርቻ የሚታዩት ፍላሚንጎዎችም መንቁራቸውን ገልብጠው ይህንኑ ደቂቅ ፍጥረት ከውሃው እያጠለሉ ይመገባሉ። ብርሃኑም፣ አልጌውም፣ አጫጁም በአገሩ አለ።

አዲስ አበባ የኩሬ ልምድ ነበራት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቃሊቲ ሥራ የጀመሩት የማረጋጊያ ኩሬዎች ለብዙ ዓመታት አገልግለዋል። በ2010ዎቹ ደግሞ በዚያው ሥፍራ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ለማጣራት የታቀደ አዲስ ጣቢያ ተሠርቷል። የለውጡ ምክንያት ለመሐንዲስ ግልጽ ነው፤ ከተማው አደገ፤ መሬቱ ጠበበ።

ስለ መሬቱ ጉዳይ አንድ ቀላል ስሌት ማድረግ ይቻላል። በአንድ ሜትር ካሬ ኩሬ ላይ በቀን 15 ግራም ደረቅ አልጌ ይበቅላል እንበል፤ ይህ ከልክ ያለፈ ግምት አይደለም። ከዚህ 23 ግራም ያህል ኦክስጅን ይገኛል። የአንድ ሰው ፍሳሽ በቀን 40 ግራም ኦክስጅን የሚፈልግ ከሆነ ለአንድ ሰው 2 ሜትር ካሬ ይበቃል። ናይትሮጅኑን ሁሉ በአልጌ መያዝ ሲፈለግ ግን ስሌቱ ይለወጣል። ከአልጌው ደረቅ ክብደት 8 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆን አንድ ሜትር ካሬ በቀን የሚይዘው 1.2 ግራም ነው፤ አንድ ሰው በቀን 8 ግራም ቢያስወጣ 7 ሜትር ካሬ ያህል ያስፈልገዋል። ለ100,000 ነዋሪ ከተማ የመጀመሪያው 20 ሄክታር፣ ሁለተኛው 70 ሄክታር ገደማ ማለት ነው። በቤት ፍሳሽ ውስጥ ያለው ካርቦንም ለዚህ ሁሉ አልጌ ስለማይበቃ፣ ከዝቃጭ ማብላያው የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ኩሬው መመለስ ያሻል።

ትርፉም እንዲሁ ይሰላል። ከ100,000 ሰው በቀን የሚወጣው 800 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ነው። 46 በመቶ ናይትሮጅን ባለው ዩሪያ ሲመነዘር በየቀኑ 17 ኩንታል፣ በዓመት ከ6,000 ኩንታል በላይ ይሆናል። ከዚህ ግማሹ እንኳ ቢሰበሰብ፣ ማዳበሪያዋን በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛ አገር ቁጥሩ የሚናቅ አይደለም። ዛሬ ይህ ሀብት ከብዙ ቤቶች በጉድጓድ ውስጥ ይቀራል፤ ወይም በወንዝ ይሄዳል። በአቃቂ ወንዝ ዳርቻ አታክልት የሚያለሙ ገበሬዎች ሀብቱ በውሃው ውስጥ እንዳለ ሳይነገራቸው አውቀውታል፤ የሚያጠጡት ውሃ ግን ያልተጣራና የፋብሪካ ፍሳሽ የተቀላቀለበት ነው።

እዚህ ላይ የበርሊን እርሻዎች ትምህርት ይታወሳል። አልጌ ንጥረ ነገርን ብቻ ሳይሆን ከባድ ብረታ ብረትንም ይመጣል። ስለዚህ የቆዳ ፋብሪካና የጋራዥ ፍሳሽ በሚቀላቀልበት ቦይ ላይ የተመሠረተ የአልጌ ማዳበሪያ ከመጀመሪያው የተበላሸ ነው። በአንጻሩ የዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የአዳሪ ትምህርት ቤት ወይም የጋራ መኖሪያ ቤቶች መንደር ፍሳሽ የታወቀ ምንጭ ያለው ነው። የወስፋት እንቁላልም መዘንጋት የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ባወጣው መመሪያ መሠረት በጥሬው የሚበሉ አታክልቶች የሚጠጡበት ውሃ በሊትር ከአንድ የትል እንቁላል በላይ ሊኖረው አይገባም። እንቁላሉ ከአልጌው ጋር ስለሚዘቅጥ፣ የተሰበሰበው አልጌ ከመበተኑ በፊት ከሌላ ተረፈ ምርት ጋር ተከምሮ በራሱ ሙቀት መብላላት ወይም በፀሐይ ለረጅም ጊዜ መድረቅ ይኖርበታል።

ያለፉት ሰባ ዓመታት ልምድ ሲጠቃለል ለነዳፊው መሐንዲስ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው። ብዙዎቹ የአልጌ ሥራዎች የተነደፉት ከማብቀል ተነሥተው ነው፤ መከሩም በመጨረሻ የሚታሰብ ጉዳይ ሆኖ ቆየ። የቀኑት ግን ገና ከጅምሩ አጫጁን ያወቁት ናቸው። በካልካታ አጫጁ ዓሣው ነው፤ በቻድ የሴቶቹ ጨርቅ ነው፤ በኒውዚላንድ በእርሾ የተመረጠው የአልጌ ዘር ራሱ ነው። በኢትዮጵያ አንድ ኩሬ ከመቆፈሩ በፊትም በንድፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ አልጌውን ከውሃው የሚለየው ማን ነው? በምን መሣሪያ? የተለየውንስ በየትኛው ወር፣ የትኛው ገበሬ፣ በየትኛው ማሳ ላይ ይበትነዋል? እነዚህ ሦስቱ መልስ ካገኙ በፀሐይ የሚሠራውን ቀሪውን ሥራ ለመንደፍ የሚያስፈልገው ቀመር ከ1957 ጀምሮ ታትሞ ይገኛል።